ሦስተኛው ቋንቋ የእናንተ ነው፦ አማርኛ ተናጋሪ ልጅን እንግሊዝኛና ስፓኒሽ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለማስመዝገብ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ልጁ ሦስት አራት ዓመት ሲሞላው ደጋግሞ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ «ቤት ውስጥ የሚሰማው አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ገና አልጠነከረም፤ በዚህ ላይ ስፓኒሽ ብንጨምርበት አይምታታበትም ወይ?» መልሱ አጭር ነው፤ አይምታታበትም። የሦስት ዓመት ልጅ ከማን ጋር በየትኛው ቋንቋ እንደሚያወራ ለመለየት አይቸገርም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም፤ እዚያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየሰሙ ማደግ ብርቅ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የተሠሩት ለሁለት ቋንቋ ነው። ስፓኒሹን ትምህርት ቤቱ ይጠብቀዋል፤ እንግሊዝኛውን አገሩ በሙሉ ይጠብቀዋል። አማርኛውን ከእናንተ ሌላ የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ ምዝገባውን ከወረቀት ሥራ በላይ አድርጌ ነው የማየው። የስድስትና የሰባት ዓመት ዕቅድ ነው፤ በዚያ ዕቅድ ውስጥ ደግሞ ቤቱ የራሱ ድርሻ አለው።

ቀኑ እንዴት ይከፈላል

መጀመሪያ አንድ አለመግባባት እናጥራ። ሁለት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ማለት ልጁ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስፓኒሽ የሚባል ክፍለ ጊዜ አለው ማለት አይደለም። ሒሳቡን ወይም ሳይንሱን ራሱን በስፓኒሽ ይማራል። ስፓኒሽ የትምህርት ዓይነት ሳይሆን የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ የመንግሥት ትምህርት ፈር ቀዳጅ የሚባለው ማያሚ የሚገኘው ኮራል ዌይ አንደኛ ደረጃ ነው፤ በ1963 የኩባ ስደተኞችን ልጆችና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹን አንድ ላይ አስቀምጦ ጀመረ። ዲሲ ውስጥ ኦይስተር በ1971 ተከተለ፤ ዛሬ ኦይስተር-አዳምስ ተብሎ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል።

አሠራሩ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ሃምሳ-በሃምሳ በሚባለው ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ግማሹን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በስፓኒሽ ይማራል። ክፍፍሉ በቀን ሊሆን ይችላል (ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው)፣ በፈረቃ ቀንም ሊሆን ይችላል፣ በትምህርት ዓይነትም ሊሆን ይችላል። ዘጠና-በአሥር በሚባለው ደግሞ በኪንደርጋርተን ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ ያህሉ በስፓኒሽ ይሆንና በየዓመቱ እንግሊዝኛው እየጨመረ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ እኩል ይሆናል። ሰማንያ-በሃያም አለ፤ ጠባዩ ለዘጠና-በአሥር የቀረበ ነው። ሌላው ልዩነት ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ናቸው። ግማሾቹ ስፓኒሽ ከቤታቸው ይዘው የመጡ፣ ግማሾቹ የማይችሉ ከሆኑ ልጆቹ እርስ በርስ ይማማራሉ። ሁሉም ስፓኒሽ የማይችሉ ከሆኑ የስፓኒሹ ምንጭ አስተማሪዋ ብቻ ትሆናለች። ምርጫ ካላችሁ የመጀመሪያውን ምረጡ። ልጅ ከአስተማሪ የማይወስደውን ከጨዋታ ጓደኛው ይወስዳል።

የትኛው ክፍፍል ይሻላል? ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ በእኔ እይታ ዘጠና-በአሥር የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጁ ማንበብ የሚጀምረው በስፓኒሽ ነው። አንደኛ ክፍል ላይ የጎረቤት ልጅ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያነብ የእናንተ ልጅ ገና ይንተባተባል። ሁለተኛ ክፍል ላይ ልዩነቱ አሁንም ይታያል። ብዙ ወላጅ የሚደነግጠውና ልጁን የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው፤ ልክ ፍሬው ሊታይ ሲል። በፌዴራል ሕግ የግዴታ የሆነው ዓመታዊ የንባብና የሒሳብ ፈተና የሚጀምረው ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ብሎ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድማችሁ ቁረጡ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለማወቅ ጥሩ ማስረጃ አለ። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ወደ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚገባው በዕጣ ነበር። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2015 ባወጡት ጥናት ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ልጆች አነጻጸሩ። ዕጣ የደረሳቸው በአምስተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ንባብ ሰባት ወር ያህል፣ በስምንተኛ ክፍል ዘጠኝ ወር ያህል ቀድመው ተገኙ። በሒሳብና በሳይንስ የጎላ ልዩነት አልታየም፤ ማለትም ሒሳቡን በሌላ ቋንቋ በመማራቸው ወደ ኋላ አልቀሩም። ጥናቱን የምወደው በዕጣ ስለተመሠረተ ነው፤ «የነቁ ወላጆች ልጆች ስለሆኑ ነው» የሚለውን ጥርጣሬ ያነሳልናል።

ፊደል የቆጠረ ወላጅ ያለው ብልጫ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወላጅ የያዘውን ሀብት አያውቀውም። ስፓኒሽ ማንበብ ለልጆች የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በክፍለ ቃል ነው፤ ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ እያሉ፤ ከዚያ ሳ፣ ሴ፣ ሲ፣ ሶ፣ ሱ። ይህን የሰማ ፊደል የቆጠረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አምስቱ የስፓኒሽ አናባቢዎች የእኛ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሣልስ፣ ሳብዕና ካዕብ ናቸው። ስፓኒሽ የሌለው ግዕዙንና ሳድሱን ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ የሚለማመደው ድምፅን ከአናባቢ ጋር አጣምሮ በአንድ ትንፋሽ የማንበብ ችሎታ ፊደል ገበታው ላይም የሚሠራ ችሎታ ነው።

ይህ ለቤት ሥራውም ይጠቅማል። ስፓኒሽ የማይችል ወላጅ የልጁን ንባብ ሊያዳምጥ አይችልም የሚለው ፍራቻ ልክ አይደለም፤ ስፓኒሽ እንደተጻፈ የሚነበብ ቋንቋ ነው። አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ እነዚህን ብትይዙ ትርጉሙን ባታውቁም ልጁ ሲሳሳት ታውቃላችሁ፦ እንግሊዝኛ «ኢ» ብሎ የሚጠራው ፊደል ሁልጊዜ «ኤ» ነው፤ «አይ» የሚባለው «ኢ»፤ «ዩ» የሚባለው «ኡ»። «ኤች» ድምፅ የላትም። «ጄ» ወደ «ኸ» የቀረበች ናት። ሁለት «ኤል» ተከታትለው ሲመጡ በአብዛኛው «የ» ይሆናሉ። «ቪ» እንደ «ቢ» ትነበባለች። «ኤን» ላይ ሞገድ ያለባት የኛዋ «ኘ» ናት፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወላጅ የሚታገላት ድምፅ ለእናንተ ምንም አይደለችም። «አር» ሁለት ጊዜ ስትጻፍ «በረረ» ስንል የመጀመሪያውን «ረ» እንደምናጠብቀው ጠብቃ ትነበባለች። ማጥበቅና ማላላት ትርጉም እንደሚለውጥ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ከጡት ጋር የጠባው ነገር ነው።

ሰዋስውም ላይ እንዲሁ። ግሱ ራሱ ማን እንደሠራው ይናገራል፤ «በላሁ» ብለን «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ስፓኒሹም አያስፈልገውም። ለትልቅ ሰውና ለእኩያ የተለያየ አነጋገር አለው፤ አንተና እርስዎን የለየ ልጅ አስተማሪውን በአክብሮት መጥራት አዲስ አይሆንበትም። የሚከብደው ሌላ ነው፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጥ ስፓኒሽ መሐል ላይ ያስቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ስም ደግሞ ወንድ ወይም ሴት ነው፤ ጠረጴዛም ወንበርም ሳይቀር። በዚህ ልጁ ሲሳሳት ዝም በሉት፤ በማረም ሳይሆን በመስማት የሚስተካከል ነው።

ምዝገባው

ዲሲ ውስጥ ሁሉም የሚጀምረው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የጋራ ዕጣ ነው። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ዲሴምበር አጋማሽ ይከፈታል፤ ለቅድመ መደበኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በማርች መጀመሪያ ይዘጋል፤ ውጤቱ በማርች መጨረሻ ይወጣል፤ የደረሳችሁን ቦታ ለመያዝ እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ ወረቀታችሁን ማስገባት አለባችሁ። ቀኖቹ በየዓመቱ ትንሽ ይለዋወጣሉና የዓመቱን አረጋግጡ። ክፍያ የለውም። እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል መሙላት ይቻላል። ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ሦስት ዓመት ከሞላው ለፕሪ-ኬ 3 ያመለክታል።

በዚህ ዕጣ ሰዎች ደጋግመው የሚሠሩት ስህተት አለ፤ «ይህ ትምህርት ቤት ብዙ ሰው ስለሚፈልገው አንደኛ ብዬ ዕድሌን አላበላሽ» ብለው የማይፈልጉትን አንደኛ ያደርጋሉ። አሠራሩ እንደዚያ አይደለም። በእውነት የምትፈልጉትን አንደኛ አድርጉ፤ ያ ባይደርሳችሁ በሁለተኛው ያላችሁ ዕድል አይቀንስም። ከአንዱ ከተመደባችሁ ግን ከእሱ በታች ከሞላችኋቸው ሁሉ ተጠባባቂ ዝርዝር ትወጣላችሁ፤ ከእሱ በላይ ባሉት ተጠባባቂነታችሁ ይቀጥላል። ስለዚህ ደረሰኝ ብላችሁ የማትደሰቱበትን ትምህርት ቤት ከምትፈልጉት በላይ አታስቀምጡ። ቀድሞ መሙላትም ጥቅም የለውም፤ እስከ መዝጊያው ቀን የገባ ሁሉ እኩል ነው። ከመዝጊያው በኋላ የገባ ግን ከሁሉ ኋላ ይሰለፋል።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው? እዚያው የሚማር ወንድም ወይም እህት ላለው፣ በዲሲ መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለትምህርት ቤቱ በተመደበው የመኖሪያ ክልል ለሚኖር። ልብ በሉ፤ በክልላችሁ ያለው ትምህርት ቤት ከኪንደርጋርተን ጀምሮ መብታችሁ ነው፤ ለፕሪ-ኬ ግን በክልሉ ብትኖሩም በዕጣው ማለፍ ግድ ነው። ባንክሮፍት፣ ማሪ ሪድ፣ ፓወልና ብሩስ-ሞንሮ በመኖሪያ ክልል የሚያስገቡ ናቸው። ሙንዶ ቨርዴ፣ ዲሲ ባይሊንጓልና ላምብ ግን ቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ግን ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ) ስለሆኑ የመኖሪያ ክልል የላቸውም። ከዚህ ሁሉ በላይ ማወቅ ያለባችሁ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ስፓኒሽ ለሚናገሩና ለማይናገሩ ልጆች የተለያየ ወረፋ እንዳላቸው ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ስፓኒሽ ከማይናገሩት ጋር ይሰለፋል፤ ያ ወረፋ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ነው። ስፓኒሽ እናውቃለን ብሎ ማመልከት አያዋጣም፤ ልጁ ይፈተናል።

ቨርጂኒያ ላይ እንዲህ ያለ የጋራ ዕጣ የለም፤ እያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት የራሱን ያስተዳድራል። አርሊንግተን ውስጥ ኤስኩዌላ ኪ እና ክሌርሞንት ለዚሁ የተመደቡ ናቸው፤ ማመልከቻና ዕጣ አላቸው። ኪንደርጋርተን ለመግባት ቨርጂኒያ እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ሜሪላንድ እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ አምስት ዓመት መሙላትን ይጠይቃሉ። የሴፕቴምበር ልጅ ያላችሁና ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ለመዛወር ያሰባችሁ ይህችን የአንድ ወር ልዩነት አትርሷት።

ወረቀቱ ላይ ሐበሻን ለይቶ የሚያጋጥም ችግር ስሙ ነው። የልጁ መጨረሻ ስም የአባቱ ስም ሲሆን የአባቱ መጨረሻ ስም የአያቱ ነው፤ የእናቱ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ፊት ሦስት የማይመሳሰሉ ስሞች ይቀርባሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሁለቱም ወላጅ ስም ያለበትን የልደት ምስክር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ በአማርኛ ከሆነ የተረጋገጠ ትርጉም ይኑረው፤ ልጁን የምታስመዘግቡበት የስም አጻጻፍም ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ ተጠንቀቁ። የዲሲ ነዋሪነትን ለማረጋገጥ የዲሲ ግብር የተቆረጠበት የቅርብ ጊዜ ፔይ ስተብ ብቻውን ይበቃል። ኡበር ወይም ታክሲ የሚሠራ ወላጅ ፔይ ስተብ ስለሌለው ሁለት ሰነድ ማቅረብ ይችላል፤ ለምሳሌ የቤት ኪራይ ውል ከክፍያ ደረሰኝ ጋር፣ የመብራት ቢል ከክፍያ ደረሰኝ ጋር። ውሉ በዘመድ ስም ከሆነ አይሠራምና ሜይ ሳይደርስ መላ ፈልጉ። የሐኪም የጤና ፎርምና የጥርስ ምርመራ ፎርምም ይጠየቃል፤ የሐኪም ቀጠሮ በጋ ላይ ይጣበባልና ቀደም ብላችሁ ያዙ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ግን ምዝገባን አይከለክልም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 የወሰነው ነው።

«ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?»

ከምዝገባ ወረቀቶቹ መሐል አንዷ ስለ ቤት ቋንቋ ትጠይቃለች፤ ልጁ መጀመሪያ የተናገረው፣ አሁን የሚናገረው፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው። ብዙ ወላጅ አማርኛ ብጽፍ ልጄን ዝቅ ያደርጉታል ብሎ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል። ይህን አታድርጉ። እውነቱን ጻፉ። አማርኛ ብትሉ የሚሆነው ይህ ነው፦ ኪንደርጋርተን ሲገባ አጭር የእንግሊዝኛ መለኪያ ይሰጠዋል፤ ሦስቱም አካባቢዎች የሚጠቀሙት ዊዳ የሚባለውን ነው። እንግሊዝኛው ከበቃ እዚያው ያበቃል። ካልበቃ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ይመደብለታል፤ ትምህርት ቤቱ ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊያሳውቃችሁ ይገባል፤ በየዓመቱ በብርዱ ወራት አክሰስ በሚባል ፈተና እድገቱ ይለካል። ድጋፉን አልፈልግም የማለት መብት አላችሁ፤ ዓመታዊው ፈተና ግን አይቀርም። ድጋፍ ያስፈልገዋል ተብሎም ከሁለት ቋንቋው ፕሮግራም ሊያወጡት አይገባም፤ ፕሮግራሙ ራሱ የተሠራው ለእንደዚህ ያሉ ልጆችም ነው። «ስፓኒሹ ይቅርበትና እንግሊዝኛ ላይ ያተኩር» የሚል ምክር ከመጣ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ በነፃ ይገኛል። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀጠሮው ሲያዝ ጠይቁ እንጂ ዕለቱ ላይ አትጠይቁ። ታላቅ ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ስለ ታናሽ ወንድሙ ድክመት የሚነገረውን አለሳልሶ ያቀርብላችኋል።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ

በራፉ ላይ «ሁለት ቋንቋ» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ሁለት ቋንቋ አያስተምርም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከአስተማሪ እጥረት ይመጣል። ስፓኒሽ አጥርቶ የሚያስተምር ሰው ዓመቱ መሐል ሲለቅ ምትኩ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ይሆናል፤ የስፓኒሹ ሰዓት በስም ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሯን ስለ ፍልስፍናቸው አትጠይቋት፤ ባለፈው ዓመት ስንት የስፓኒሽ አስተማሪ እንደለቀቀና በማን እንደተተካ ጠይቋት። ሥዕል፣ ሙዚቃና ስፖርት በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጡ ጠይቁ፤ እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ከሆኑ ሃምሳ-በሃምሳው በተግባር ሠላሳ-በሰባ ነው። ከአንደኛ ክፍል የጀመሩት ልጆች አምስተኛ ክፍል ላይ ስንቶቹ እንደቀሩም ጠይቁ።

ከዚያ ክፍል ውስጥ ቆማችሁ አዳምጡ። የአስተማሪዋን ንግግር ሳይሆን በትምህርትና በትምህርት መሐል ያለውን ጊዜ። «ተሰለፉ»፣ «እጃችሁን ታጠቡ»፣ «ማነው የገፋህ?» የምትለው በየትኛው ቋንቋ ነው? በስፓኒሽ ሰዓት ልጅ ሲያለቅስ ወደ እንግሊዝኛ የምትዞር አስተማሪ ልጆቹን ሳታውቀው እንግሊዝኛ የእውነተኛ ጉዳይ ቋንቋ ነው ብላ እያስተማረቻቸው ነው። ግድግዳውንም ተመልከቱ፤ ብዙ ጥሩ ክፍሎች ስፓኒሹን በአንድ ቀለም፣ እንግሊዝኛውን በሌላ ይጽፋሉ። የልጆቹ የራሳቸው ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ ተለጥፎ ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው፤ በስፓኒሽ የተለጠፈው ከሱቅ የተገዛ ፖስተር ብቻ ከሆነ ግን እዚያ ላይ አስቡበት።

ቤት ውስጥ

እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ወዳልኩት የምመለሰው። ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ማውራት ይጀምራል። ወላጁም «ይረዳው» ብሎ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ልጁ እንግሊዝኛ ከሌላ መቶ ቦታ ያገኛል፤ አማርኛ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እየመነመነ ይሄዳል። ሕጉ አንድ ይሁን፦ እሱ በፈለገው ቋንቋ ይናገር፤ እናንተ በአማርኛ መልሱ። «በአማርኛ ተናገር!» ብሎ መቆጣት ቋንቋውን የቅጣት ቋንቋ ያደርገዋል። ይልቅ የተናገረውን በአማርኛ ደግማችሁለት ወሬውን ቀጥሉ። የቤቱ ወሬ ደግሞ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ጫማህን አውልቅ» ብቻ ከሆነ አማርኛው የሦስት ዓመት ልጅ አማርኛ ሆኖ ይቀራል። በትምህርት ቤት የሰማውን ቤት ውስጥ በአማርኛ አስረዱት። ስለ ውሃ ዑደት በስፓኒሽ ከተማረ ትነትና ደመና በአማርኛ ምን እንደሆኑ ንገሩት፤ ሐሳቡን አንዴ ስለያዘው ቃሉን ብቻ ነው የሚጨምርበት። ሒሳብም እንዲሁ፤ መቀነስና ማካፈልን በአማርኛ ያስተማረ አባት ስፓኒሹን አያበላሽም።

ፊደሉስ መቼ? ገበታው ላይ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ያንን በአንድ የበጋ ወር ልጨርስ ያለ ልጁን ያስመርረዋል። ክፍል ውስጥ የስፓኒሹን ማ፣ ሜ፣ ሚ በሚማርበት በዚያው ሰሞን በአራት ወይም አምስት ቤት ጀምሩ፤ መ፣ ለ፣ ሰ፣ በ እና ነ ይበቃሉ። ከእነዚህ ብቻ «ማማ»፣ «ለማ»፣ «ሰማ»፣ «በላ» ይነበባሉ። ግዕዙና ሳድሱ ስፓኒሹ ላይ ስለሌሉ እነሱን ለይታችሁ አለማምዱ፤ «ለ» እና «ላ»ን፣ «በ» እና «ባ»ን የሚያምታታ ልጅ ብዙ ታያላችሁ። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ማኅበሩ የሚሰጠው ትምህርት ካለ ያ ደግሞ ይደግፈዋል።

የስፓኒሽ የቤት ሥራ ላይ የተሻለው መንገድ መጀመሪያ አስተማሪዋን መጠየቅ ነው፦ ይህን ልጁ ብቻውን ሊሠራው ይችላል ብላችሁ ነው የላካችሁት? መልሱ «አዎ» ከሆነ እናንተ ጊዜና ጠረጴዛ አዘጋጁ፤ አትተርጉሙለት። በስልክ እየተረጎሙ የሠሩት የቤት ሥራ ልጁ ያልገባውን ከአስተማሪዋ ይደብቃል። ያልቻለውን ባዶ ተዉትና «ይህ አልገባውም» ብላችሁ ጥግ ላይ ጻፉ።

ዝም ያለ ልጅ

የመጀመሪያዎቹን ወራት ልጁ ክፍል ውስጥ በስፓኒሽ ምንም ላይናገር ይችላል። እየሰማ ነው፤ ትእዛዝ ሲሰጥ ከፈጸመ እየተማረ ነው። የሚያሳስበው ቤት ውስጥ በአማርኛም ከእኩዮቹ ሲዘገይ ነው። ሁለት ሦስት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም፤ ስለዚህ ሐኪምም ሆነ አስተማሪ «አንዱን ቋንቋ አቁሙለት» ቢላችሁ አትቀበሉ። ምርመራ ካስፈለገ አማርኛውም እንዲታይ ጠይቁ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የተመረመረ ልጅ የሌለበት ችግር ሊጻፍበት ይችላል፤ ያለበት ደግሞ «ቋንቋ ስላልቻለ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅም ድጋፉን እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ሊያገኝ ይገባል።

መውጣትና መቀጠል

ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከአንደኛ ወይም ከሁለተኛ ክፍል በኋላ ስፓኒሽ የማይችል አዲስ ልጅ አይቀበሉም። ስለዚህ «ሦስተኛ ክፍል ላይ እናስገባዋለን» የሚል ዕቅድ አይሠራም፤ አንዴ የወጣም መመለሻው ጠባብ ነው። ቤት ለመግዛት ወይም ለመዛወር ካሰባችሁ በዚህ አንጻር አስቡት። ዲስትሪክት ሲለወጥ ቦታው አብሮ አይዛወርም። ትራንስፖርትም አስቀድሞ ይታሰብ፤ ዲሲ ለአብዛኛው ተማሪ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የላትም፤ በሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች ልጁን ጠዋት ማን እንደሚያደርሰውና ትምህርት ካበቃ በኋላ ያለው ማቆያ ስንት እንደሚያስከፍል ሳያውቁ ከተማ አቋርጦ የሚኬድበትን ትምህርት ቤት አንደኛ አድርገው መሙላት የለባቸውም።

ከአምስተኛ ክፍል በኋላ የት ይሄዳል የሚለውንም አሁኑኑ ጠይቁ። አርሊንግተን ላይ መስመሩ ወደ ጋንስተን መካከለኛ፣ ከዚያ ወደ ዌክፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ይቀጥላል። ዲሲ ላይ ከብዙዎቹ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ወደ ማክፋርላንድ፣ ከዚያም ወደ ሩዝቬልት ይኬዳል፤ ቻርተሮቹ ደግሞ ከስድስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ወደሚያስተምረው ዲሲ ኢንተርናሽናል (ዲሲአይ) ያቀናሉ። መጨረሻው ላይ ሁለተኛ ደረጃ ሲመረቁ ብዙ ስቴቶች በዲፕሎማው ላይ የሚያትሙት የሁለት ቋንቋ የብቃት ማኅተም አለ፤ ካሊፎርኒያ በ2011 በሕግ የጀመረችው ነው። ማኅተሙ ለስፓኒሽ ብቻ አይደለም። አማርኛ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ በአማርኛም ሊፈተን የሚችልበት ቦታ አለ፤ ልጃችሁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ለትምህርት አማካሪው የአማርኛ ፈተና እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁለት፤ የፈተናው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤቱ በኩል የሚያዝ ስለሆነ ቀድሞ መጠየቁ ይጠቅማል።